ፖስት ፕሮሰሰር ምንድን ነው? ካም ሲታደስ አሮጌ ሥራ ለምን ይበላሻል?

አምና ያለ ችግር የቆረጣችሁት የፍሬዛ ሥራ አለ እንበል። የካም ሶፍትዌሩን፣ ማለትም ከስዕሉ ተነስቶ የመቁረጫውን መንገድ የሚያሰላውን ፕሮግራም፣ አፕዴት አደረጋችሁ። ፋይሉ ይከፈታል፣ የመቁረጫው መንገድም ስክሪኑ ላይ ልክ ነው። ጂ-ኮዱን (ማሽኑ የሚያነበውን የትእዛዝ ፋይል) አውጥታችሁ ማሽኑ ላይ ስትጭኑት ግን አላርም ይጮኻል። ይባስ ብሎም አላርም ሳይሰጥ ወዳልታሰበ ቦታ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይሄኔ ስዕሉን መነካካት ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ፖስት ፕሮሰሰሩን ነው።

ካም መቁረጫው የት የት እንደሚሄድ ሲያሰላ፣ ውጤቱ ገና የየትኛውም ማሽን ቋንቋ አይደለም። ያንን ስሌት የማሽኑ መቆጣጠሪያ (ኮንትሮል)፣ ለምሳሌ ፋኑክ፣ ሃስ፣ ሃይደንሃይን ወይም ማክ3፣ ወደሚገባው ኮድ የሚተረጉመው ፖስት ፕሮሰሰሩ ነው። ባጭሩ ፖስት ይሉታል። ጂ-ኮድ አይኤስኦ 6983 የሚባል መስፈርት አለው። ሆኖም እያንዳንዱ የኮንትሮል አምራች የራሱን ዘዬ ጨምሮበታል። ለምሳሌ ፋኑክ ቀዳዳ መብሳትን በአንድ ጂ81 ይረዳል። በትንንሽ ራውተሮች ላይ የሚገኘው ጂአርቢኤል ግን ጂ81ን አያውቅም። እያንዳንዱ መውረድና መውጣት በጂ0 (ፈጣን ጉዞ) እና በጂ1 (እየቆረጡ በቀጥታ መሄድ) ተዘርዝሮ ሊጻፍለት ይገባል።

ፖስት ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የሚነበብና የሚስተካከል ፋይል ነው። ፊውዥን በሚባለው የካም ሶፍትዌር በጃቫስክሪፕት ይጻፋል። ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ፖስቱን ለእናንተ ማሽን ብሎ አስተካክሎት ይሆናል። አዲሱ ቨርዥን ደግሞ የራሱን ፎልደር ከፍቶ፣ አምራቹ ለሁሉም ያዘጋጀውን ፖስት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስሙ ያው ነው፤ ያ ማስተካከያ ግን የለበትም። አሮጌውን ፖስት ቀድታችሁ ብታመጡትም ለአዲሱ ቨርዥን መታደስ ሊያስፈልገው ይችላል።

ጥፋቱ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። በብዙ ፋኑክ ኮንትሮሎች፣ በተለይ በቆዩት ላይ፣ አንዲት ነጥብ ትልቅ ነገር ናት። «ኤክስ10.» ከነነጥቡ 10 ሚሊሜትር ነው። «ኤክስ10» ብቻ ከተጻፈ ግን፣ ማሽኑ በዚያ መልኩ ከተስተካከለ፣ 10 ማይክሮን ማለትም 0.01 ሚሊሜትር ይሆናል። አዲሱ ፖስት ነጥቧን ከጣላት ርቀቱ በሺህ እጥፍ ያንሳል።

ቅስትም እንዲሁ ነው። በጂ2 እና በጂ3 የቅስቱ መሃል የሚጻፈው በአይ እና በጄ ነው። መሃሉ ከቅስቱ መነሻ ሊለካ ይችላል፤ ከሥራው ዜሮም (የሥራው ልኬት ከሚነሳበት ነጥብ) ሊለካ ይችላል። ማክ3 ሁለቱንም ይቀበላል፤ ጂ91.1 የመጀመሪያውን፣ ጂ90.1 ሁለተኛውን ይመርጣል። ፖስቱና ኮንትሮሉ እዚህ ላይ ካልተስማሙ፣ ማዕዘን ብቻ ማዞር የነበረበት መቁረጫ ግዙፍ ክብ ሊሠራ ይነሳል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የመቁረጫውን ርዝመት የሚያስቆጥረው ጂ43 ሲጠፋ ነው። ያኔ መቁረጫው ቀጥ ብሎ ሞርሳው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

እርግጥ ጥፋቱ ሁልጊዜ የፖስቱ አይደለም። አዲሱ ቨርዥን መንገዱን እንደገና ሲያሰላ የመቁረጫውን አገባብ፣ ቅደም ተከተሉን ወይም ቶለራንሱን (የሚፈቀደውን የልኬት ልዩነት) ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከፈቀደላችሁ፣ መጀመሪያ መንገዱን እንደገና ሳታስሰሉት ኮዱን አውጡ። መንገዱ ሳይነካ ኮዱ ከተበላሸ ጥፋተኛው ፖስቱ ነው። ደህና ሆኖ ቆይቶ ካስሰላችሁት በኋላ ከተለወጠ ግን ስሌቱ ውስጥ ፈልጉት። ይህን ሁሉ የምትሠሩት በፋይሉ ኮፒ ላይ ይሁን። በአዲሱ ቨርዥን ሴቭ የተደረገ ፋይል በአሮጌው አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም።

ለመለየት የሚያስፈልጋችሁ ትልቁ ማስረጃ ያኔ ጥሩ ዕቃ ያወጣው የጂ-ኮድ ፋይል ነው። አዲሱን ኮድ ከሱ ጋር እንደ ዊንመርጅ ባለ ማነጻጸሪያ ጎን ለጎን ክፈቱት። የቀንና የመስመር ቁጥር ልዩነቱን እለፉት። ዓይናችሁን የፕሮግራሙ መክፈቻ ላይ፣ መቁረጫ የሚቀየርበት ቦታ ላይና መዝጊያው ላይ ጣሉ። ጂ20 ነው ወይስ ጂ21? ኢንችና ሚሊሜትር የሚለዩት እዚህ ነው። የሥራውን ዜሮ የሚጠራው ጂ54 አለ? ጂ43 ትክክለኛውን ኤች ቁጥር (የመቁረጫው ርዝመት የተመዘገበበትን) ይዟል? ልዩነቱን ካገኛችሁት ፖስቱ ውስጥ አስተካክሉት። ጂ-ኮዱን በእጅ ማረም ለዛሬ ያድናል፤ በሚቀጥለው ሥራ ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ ዜድን ከዕቃው በላይ ከፍ አድርጋችሁ በአየር ላይ አስኪዱት። ሲንግል ብሎክ (ኮዱን መስመር በመስመር የሚያስኬደው) ይብራ፣ ራፒዱ (ፈጣን ጉዞው) ዝቅ ይበል፣ እጃችሁም ማቆሚያው ላይ ይሁን። ሲሳካ የፖስቱን ኮፒና የሶፍትዌሩን ቨርዥን ከሥራው ፋይል ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ።

የምትፈልጉት ያንኑ ዕቃ ደግሞ ማውጣት ብቻ ከሆነ ደግሞ ካሙን መክፈትም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ማሽኑ፣ የመቁረጫ ቁጥሮቹና የሥራው ዜሮ ካልተለወጡ አሮጌው ጂ-ኮድ ዛሬም ያንኑ ዕቃ ይቆርጣል።