የሳንባ ካንሰርን ስርጭት ይገታሉ የሚባሉ የዕፅዋት ውህዶች

የሳንባ ካንሰር ከየትኛውም ካንሰር በላይ ሰው ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ሞተውበታል። ክፋቱ ያለው በመዛመቱ ነው። ሴሎቹ ከዕጢው ተላቀው በደም ወይም በሊምፍ ይጓዙና አንጎል፣ አጥንት ወይም ጉበት ላይ ይሰፍራሉ። ብዙ ታማሚ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ደግሞ ይሄ ከሆነ በኋላ ነው። ይህን ጉዞ የሚያዘገይ ነገር ፍለጋ ተመራማሪዎችን ወደ ዕፅዋት ወስዷቸዋል።

ፍለጋው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአንዲት ቀላል ሙከራ ነው። የካንሰር ሴሎች የአንድ ትንሽ ሳህን ወለል እስኪሸፍኑ ድረስ እንዲራቡ ይደረጋል። ከዚያ መሃላቸው ላይ በቀጭን የፕላስቲክ ጫፍ ይጫራል። ሴሎቹ ከግራና ከቀኝ እየተሳቡ ባዶውን መስመር በአንድ ቀን ገደማ ይደፍኑታል። ውህዱ የተጨመረበት ሳህን ላይ ጭረቱ በማግስቱም እንዳለ ከተገኘ፣ ውህዱ ሴሎቹን ይዟቸዋል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ በጣም የተለመዱት ኤ549 የሚባሉት ሴሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ከአንድ ሰው የሳንባ ዕጢ ተወስደው እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው ይራባሉ።

የእርዱ ኩርኩሚን፣ የአረንጓዴ ሻዩ ኢጂሲጂ፣ የቀይ ወይን ፍሬው ሬስቬራትሮልና የሽንኩርቱ ኩዌርሴቲን ይህን ፈተና ደጋግመው አልፈዋል። አንድ ሴል ለመሰደድ ከጎረቤቱ ጋር ያጣበቀውን ኢ-ካድሄሪን የተባለ ፕሮቲን ይጥላል። በዙሪያው ያለውን አጥር የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችም ያመነጫል። ውህዶቹ እነዚህን እርምጃዎች ሲያደናቅፉ ይታያሉ።

ችግሩ ሳህን ሰው አለመሆኑ ነው። ሳህኑ ላይ ኩርኩሚን በቀጥታ ሴሉ ላይ ይፈስሳል። በአፍ ሲወሰድ ግን አንጀት እምብዛም አይቀበለውም፤ ያለፈውንም ጉበት ቶሎ ለውጦ ያስወጣዋል። ዕጢው ዘንድ የሚደርሰው ኢምንት ነው። በበኩሌ «እርድ ካንሰር ያድናል» የሚል ነገር ባየሁ ቁጥር ስንት ማይክሮሞላር (ፈሳሽ ውስጥ ያለ የውህድ መጠን መለኪያ) ብዬ መጠየቅ ያምረኛል።

ሕክምና ቤት የደረሱትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 በምዕራብ አሜሪካ ደን ከሚበቅል የፓሲፊክ ዪው ከተባለ ዛፍ ናሙና ተሰበሰበ። ኬሚስቶቹ ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ ከቅርፊቱ ፓክሊታክሴል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት አውጥተው የሞለኪውሉን ቅርጽ በ1971 አሳወቁ። ተመራማሪዋ ሱዛን ሆርዊትዝ በ1979 አሠራሩን ደረሰችበት። ሴል ሲከፈል የሚጠቀምባቸውን ጥቃቅን ቱቦዎች እንዳይፈርሱ አድርጎ ያጸናቸዋል፤ ሴሉም መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። ቅርፊቱ ሲላጥ ዛፉ ይሞት ስለነበር፣ በኋላ የሌላ ዪው ቅጠል ለመድኃኒቱ መነሻ ሆነ። ሜይአፕል ከተባለ ተክል ሥር የተገኘው ኢቶፖሳይድ፣ ካምፕቶቴካ ከተባለው የቻይና ዛፍ የመጣው ቶፖቴካንና ማዳጋስካር ፔሪዊንክል ከተባለ አበባ የተሠራው ቪኖረልቢንም ለሳንባ ካንሰር ይሰጣሉ። ሁሉም ተጣርተውና ተመጥነው የሚሰጡ፣ ሴል የሚገድሉ ኬሞ ናቸው። ዪውን አፍልቶ የጠጣ ሰው ግን ልቡን ይመርዛል።

ከሁሉ በፊት መነገር የነበረበት የካሮቱ ቤታካሮቲን ታሪክ ነው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሾች ላይ ሲሞከር፣ ይከላከላል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ እንክብሉን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ተመሳሳይ የአሜሪካ ጥናትም በ1996 ከጊዜው በፊት ቆመ።

ዕፅዋት እርስ በርስም ይጋጫሉ። ለድብርት የሚወሰደው ሃይፐሪከም የተባለ ዕፅ፣ ከዚያው ከቻይናው ዛፍ የመጣውን ኢሪኖቴካን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ያዳክማል። በአንድ ጥናት፣ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚሠራበት ውህድ በደም ውስጥ በ42 በመቶ ቀንሷል። ኬሞ ሊጀምር ያለ ሰው የሚጠጣው የቅጠል ሻይ ካለ፣ ሐኪሙ ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ማወቅ አለበት።