የመድረክ ሞዴል ምንድን ነው?

የመድረክ ሞዴል ማለት አንድ ትያትር ወይም ኦፔራ የሚቀርብበትን መድረክ ከግድግዳው፣ ከመጋረጃውና ሙዚቀኞቹ ከሚቀመጡበት የኦርኬስትራ ጉድጓድ ጋር ልኩን ጠብቆ በማሳነስ ከካርቶን፣ ከስስ እንጨትና ከሽቦ የሚሠራ ቅርጽ ነው። በአውሮፓ በብዛት የሚሠራበት ልክ 1:25 ስለሆነ 1 ሜትር በሞዴሉ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ዘፋኝም 7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቆማል። የመድረክና የአልባሳት ዲዛይን የሚማር ሰው ሐሳቡን የሚፈትነው በዋናነት በዚህ ቅርጽ ነው።

ከሞዴሉ ሁሉ ዋነኛዋ ያቺ ትንሽ የሰው ምስል ናት ብዬ አምናለሁ። ተማሪው ለግርማ ሲል እያንዳንዱ እርከን 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረጃ ቢነድፍ በወረቀት ላይ ያማረ ሊመስል ይችላል፤ ምስሏን አጠገቡ ሲያቆማት ግን እርከኑ እስከ ቅልጥሟ አጋማሽ ይደርሳል። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ዘፋኝ ትንፋሿን ለድምፅዋ እየቆጠበች፣ ዓይኗን ከሙዚቃው መሪ ሳትነቅል እንዲህ ያለውን ደረጃ ልትወጣ አትችልም።

ሞዴሉ የተመልካቹንም ዓይን ይፈትናል። ተማሪው ጎንበስ ብሎ ዓይኑን በእያንዳንዱ መቀመጫ ከፍታ እያደረገ ማየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1778 የተከፈተው የሚላኖው ኦፔራ ቤት ላ ስካላ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተደረደሩ ሰገነቶች ስላሉት፣ በግራ ጫፍ የተቀመጠ ሰው በመድረኩ ግራ ጥልቀት የተሠራ በር ላይታየው ይችላል። በ1876 የተከፈተው በጀርመን የሚገኘው የባይሮይት ኦፔራ አዳራሽ ግን እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ በመሆኑ አብዛኛው ተመልካች መድረኩን ፊት ለፊት ያያል። ስለዚህ ለአንዱ የተሠራ ንድፍ ለሌላው እንዳለ አይሆንም።

የመጀመሪያው ሞዴል ቀለም የሌለው ነጭ ነው። ርካሽ ስለሆነ ይቆረጣል፣ ይጣላል፣ እንደገና ይሠራል፤ ተማሪ ከአዘጋጁ ጋር ማሰብ የሚማረውም እዚህ ላይ ነው። ቀለም የገባበት ሞዴል ሲከተል የአልባሳቱ ጨርቅ ቁራጭ ከግድግዳው ቀለም አጠገብ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ጥቁር ቀይ ከሆኑ ባለ ልብሱ ከግድግዳው ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ሞዴሉ የማይነግረው ነገር ግን አለ፤ ወፍራም መጋረጃ ድምፅን እንደሚውጥ፣ ጠንካራ ግድግዳ ደግሞ ወደ አዳራሹ እንደሚመልስ ተማሪው ለብቻው ማወቅ ይኖርበታል። ልብሱም ቢሆን በቅድሚያ በአቡጀዲ ተሰፍቶ፣ ዘፋኙ ለብሶት በረጅሙ ሲተነፍስ ጎድን አጥንቱን እንደማይጨምቀው መታየት አለበት።

በጀርመን የትያትር ቤቶች ከሞዴሉ በኋላ «ባውፕሮበ» የሚባል ሙከራ ይደረጋል። የንድፉ ዋና ዋና ክፍሎች በእንጨት ክፈፍና በጨርቅ በሙሉ ልካቸው እውነተኛው መድረክ ላይ ይቆማሉ፤ አዘጋጁ፣ ዲዛይነሩና የቴክኒክ ኃላፊዎች ከአዳራሹ ልዩ ልዩ ቦታዎች ሆነው ይመለከቷቸዋል። በሞዴሉ ላይ የ2 ሚሊ ሜትር ስህተት እዚህ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይገኛል። ሰፊ ቀሚስ በበሩ አላልፍ ቢል በሩን ማስፋት ወይም ቀሚሱን ማጥበብ የሚቀለው አሁን ነው፤ አናጺው እንጨቱን ከቆረጠና ልብስ ሰፊው ልብሱን ከሰፋ በኋላ ግን እያንዳንዱ ለውጥ ገንዘብና የልምምድ ጊዜ ይበላል።