የኮሪያ ሜዳሊያ የጀግንነት ነው ወይስ የዘመቻ?

አያቱ ከኢትዮጵያው ጦር ከቃኘው ሻለቃ ጋር ለኮሪያ ጦርነት የዘመቱለት ሰው ያንን ሜዳሊያ ሳያየው አይቀርም። ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ያለው ጥብጣብ፣ ከሥሩ ክብ ነሐስ፣ በሁለቱ መሀል በአማርኛ «ኮርያ» የሚል ቁራጭ ብረት። ከዚያ «የቱ ውጊያ ላይ ጀግንነት ሠርተው ተሸለሙት?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ጥያቄው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ይሄ የተባበሩት መንግሥታት የዘመቻ ሜዳሊያ ነው። የሚጠይቀው በተወሰነው ጊዜና ቦታ፣ በድርጅቱ ዕዝ ሥር ማገልገልን ብቻ ነው። ወጥ ቤት የሠራውም፣ መኪና የነዳውም፣ ምሽግ ውስጥ ሲዋጋ ያደረውም እኩል ያገኙታል፤ እኔ በበኩሌ ይሄ በጣም ትክክል ነው እላለሁ፣ ያለ ስንቅና ያለ ጥይት የሚዋጋ ጦር የለምና። ለአንድ ሰው የጀግንነት ሥራ የሚሰጠው ሌላ ነው፣ ለምሳሌ የአሜሪካው ሲልቨር ስታር።

ሌላው የሚያደናግረው ቀኑ ነው። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። ሜዳሊያው ግን ከሰኔ 20 ቀን 1942 እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1946 ያለውን አገልግሎት ይቆጥራል። ስለዚህ ተኩስ ከቆመ በኋላ የደረሰ ወታደርም ይገባዋል፤ «ሳይዋጋ ወሰደ» ብሎ ማማት ደንቡን አለማወቅ ነው።