«አትነዝንዘኝ!»፦ ንዝነዛ የማን ቃል ነው?

ልጅ ስልክ ይጠይቃል። «አይሆንም» ይባላል። ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ እንደገና ይጠይቃል። አሁንም አይሆንም። አምስተኛው ላይ እናት ትፈነዳለች፦ «ኧረ አትነዝንዘኝ!» አብዛኞቻችን ቃሉን የተዋወቅነው እንዲህ በቁጣ ነው።

ነዘነዘ ማለት አንድን ነገር ደጋግሞ እየጠየቁ ወይም እያነሱ ሰውን ማሰልቸት ነው። ስራው ንዝነዛ ወይም ንዝንዝ ይባላል፤ ሰውዬው ነዝናዛ። ድምፁን ልብ ብላችሁ ስሙት። «ነዘ» ብሎ አያበቃም፤ ተመልሶ ያው «ነዘ» ነው። ጨቀጨቀ፣ ወተወተ፣ ጎተጎተም እንደዚሁ ናቸው። አማርኛ የሚደጋገምን ነገር ፊደሉንም እየደጋገመ መንገር ይወዳል፤ ቀጠቀጠን፣ ነቀነቀን፣ ጠዘጠዘን አስቡ።

እነዚህ ግሶች ግን አንድ አይደሉም። ጨቀጨቀ ወደ ጠብ ያደላል፤ ሁለት ሰዎች ከተጨቃጨቁ ነገሩ ልመና መሆኑ ቀርቷል። ወተወተ ጨዋ ነው። ለመብት ወይም ለሌላ ሰው ጉዳይ ሲሆን «ውትወታ» ዜና ላይ ሳይቀር ይገባል። «የንዝነዛ ዘመቻ» የሚል ዜና ግን ሰምቼ አላውቅም። ጎተጎተ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምስጋና አለበት፦ «እህቴ ጎትጉታ አስተማረችኝ» ይባላል። ያኔ፣ ገና ሳይማር፣ ይህችው እህት ነዝናዛ ነበረች!

ለኔ የቃሉ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ንዝነዛ የሰሚው ቃል ነው። ጠያቂው ስለራሱ «እየነዘነዝኩ ነው» አይልም፤ «ላስታውስህ ብዬ ነው» ይላል። ቢል እንኳ «ነዘነዝኩህ አይደል?» ብሎ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው፤ ከዚያም ይቀጥላል። ሰሚው በበኩሉ «ናላዬን አዞረው»፣ «እንደ መዥገር ተጣበቀብኝ» እያለ ያማርራል።

ቃሉ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይም አለ። ሰውዬው እንግዳ መጥቶበት በእኩለ ሌሊት ሦስት እንጀራ ሊበደር ወዳጁ ቤት ይሄዳል። ወዳጁ በሩን ቆልፎ ከልጆቹ ጋር ተኝቷል። በመጨረሻ ተነስቶ የሚሰጠው ስለ ወዳጅነቱ ሳይሆን «ስለ ንዝነዛው» ነው። ስድብ የሆነው ቃል እዚያ ቦታ እንጀራ አመጣ። እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 18 ላይ ደግሞ እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውንም የማያፍር ዳኛ አለ። እሱም ለመበለቲቱ የፈረደላት እየተመላለሰች ስላደከመችው ነው።

ያ እንጀራ ተበዳሪ በማግስቱ ታሪኩን ለሚስቱ ቢያወራ «ነዘነዝኩት» የሚል አይመስለኝም። «ትንሽ ጎትጎት አደረግኩትና ሰጠኝ» ነው የሚለው።