ገደሉ «ተዘጋ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ወፍ ጎጆ ሲሠራ ገደሉ ለገደል ወጪ ስፖርተኞች ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚለው ክርክር እንደገና ተነሳ። አንዱ «ፈጣሪ ምድርን ግዟት ብሎናል፣ ለወፍ ብሎ ገደል የሚዘጋ ማነው?» ይላል፤ ሌላው ክልከላውን ራሱን ሃይማኖት ያደርገዋል። ነገሩ ከሁለቱም ይቀላል።

በአሜሪካ ዮሴሚቴ ፓርክ ፔሪግሪን የሚባለው ጭልፊት ገደል ላይ ሲፈለፍል፣ በጎጆው አካባቢ ያሉት ገደሉ የሚወጣባቸው መስመሮች ብቻ ለጊዜው ይዘጋሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 15። ሰው ሲቀርባት እናቲቱ ጎጆዋን ጥላ ትነሳለች። እንቁላሉ ይበርዳል፤ መብረር ያልቻለው ጫጩት ደንግጦ ሊወድቅ ይችላል።

እንበልና አዝዋ ገደል ላይ እንዲህ ያለ ደንብ ቢኖር፣ ጎጆው በግራ ከሆነ የግራው መስመር ይዘጋል፤ ራቅ ያለው የቀኙ ክፍት ነው። ጫጩቶቹ በረው ሲሄዱ የግራውም ይከፈታል። በቃ።

ቀኑና ርቀቱ ግን እንደ ወፉና እንደ ቦታው ይለያያል። የዮሴሚቴን ቀን ለደሴው ጦሳ ተራራ መገልበጥ አይሠራም።

ሃይማኖቱን ካነሳችሁት፣ ዘዳግም 22፥6 እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አትውሰድ ይላል። ነቢዩ ሙሐመድም ጫጩቶቿ ለተወሰዱባት ወፍ እንዲመለሱላት ማዘዛቸው በሐዲስ ተዘግቧል። የመዝጊያውን ቀን ግን ከሁለቱም አታገኙትም፤ እሱን የሚወስነው ጎጆውን የሚከታተለው ባለሙያ ነው።