የኑክሌር ጦርነት ስጋት በኢትዮጵያ የሕዝብ ክርክርና የፉሪ ጣቢያ

ፉሪ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ ያለ ተራራ ነው። ለቡ፣ ጀሞ ወይም ዓለም ገና ያለ ሰው ቀና ሲል ያየዋል። አናቱ ላይ የማሰራጫ ማማዎች ቆመዋል። አካባቢው ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ነው። ቤቱም ፋብሪካውም ከዓመት ዓመት ወደ ተራራው እየተጠጋ ይሄዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን እዚያው ተራራ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ መኖሩን ነው። ጣቢያው የመሬትን ንዝረት ሌት ተቀን ይቀዳል። ሌላ አህጉር ላይ፣ ከመሬት በታች የሚፈነዳ የኑክሌር ቦምብም ከሚቀዳቸው ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ይህ ዳሰሳ የኑክሌር ጦርነት ስጋት በአገራችን እንዴት እንደሚወራ፣ በዚህ ጉዳይ ከኛ በኩል ምን እንደተሠራም ይመለከታል። በአማርኛ አንድ ላይ ተሰባስቦ የተጻፈ ነገር እምብዛም ስለሌለ፣ የተሻለ ማስረጃ ባለባቸው ዘመናት ላይ ሰፋ ተብሏል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ምን ይላል?

በከተማዋ ዳር፣ ታክሲ ወረፋ ላይም ይሁን ቡና ተፈልቶ፣ የኑክሌር ወሬ ሲነሳ የታወቁ አነጋገሮች አሉ። አንዱ ስምንተኛው ሺህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ቆጠራ ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። የኛ ዓመተ ምሕረት ሲደመርበት 7500ን አልፏል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ ውስጥ ነን። በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ ፕሬዚዳንቷም የኑክሌር ኃይላቸውን በልዩ ተጠንቀቅ ሲያቆሙ፣ ብዙ ሰው ነገሩን ያየው በዚሁ ዓይን ነው። ይህን አነጋገር መናቅ አይገባም። ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነን ነገር በሚያውቀው ቋንቋ ይናገረዋል። ነገር ግን ጦርነቱ ከላይ የታዘዘ ነው ከተባለ፣ ቦምቡን የሠራውን፣ ያጠመደውን፣ ልተኩስ የሚለውን ማን ይጠይቀዋል?

ሌላው "ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው" የሚለው ተረት ነው። ይህ ለእውነት ይቀርባል። በ2022 የዘይት፣ የስንዴና የነዳጅ ዋጋ ሲንር፣ ጦርነቱ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆም እያንዳንዱ ጓዳ ገብቷል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን "እኛ ላይ ማን ይጥላል?" የሚለው መጽናኛ ነው። አዎ፣ ፉሪ ላይ ሚሳይል ያነጣጠረ አገር ላይኖር ይችላል። ጉዳቱ ግን በፍንዳታው አያበቃም። ከተሞች ሲቃጠሉ የሚወጣው ጥላሸት ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ይወጣል። እዚያ ዝናብ ስለማያጥበው ለዓመታት ይቆያል። ፀሐይን ይጋርዳል፣ ሙቀቱን ያወርዳል፣ ዝናቡን ያዛባል። በ2022 ኔቸር ፉድ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ህንድና ፓኪስታን በኑክሌር ቢዋጉ ከ2 ቢሊዮን በላይ፣ አሜሪካና ሩሲያ ቢዋጉ ደግሞ ከ5 ቢሊዮን በላይ ሰው በረሃብ ሊሞት እንደሚችል ገምቷል። ይህ የኮምፒውተር ስሌት ነው፤ ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። መሠረቱ ግን ግልጽ ነው። ክረምት ጠብቆ የሚያርስ፣ ማዳበሪያውን ከውጭ የሚያስመጣ አገር አንድ የተበላሸ ክረምት ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ከፉሪ ግርጌ እስከ ሰበታ ጤፍ የሚዘራው ገበሬ ቦምቡን ሳያይ ረሃቡን ያያል።

በዜና ብዙ የሚጠቀሰው "የምጽአት ሰዓት" ነው። የአሜሪካ የአቶም ሳይንቲስቶች በ1947 ሲጀምሩት ለእኩለ ሌሊት 7 ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ቀዝቃዛው ጦርነት ባበቃበት በ1991 ወደ 17 ደቂቃ ራቀ። በጥር 2025 ደግሞ 89 ሰከንድ ቀረው ተባለ። ይህ የባለሙያዎች አስተያየት እንጂ ልኬት አይደለም። ዜናችን ላይ ግን አንዳንድ ጊዜ እንደ ልኬት ይቀርባል። የሚለካው ነገር ግን ሌላ ነው፤ የሚለኩትም እንደ ፉሪ ያሉ ጣቢያዎች ናቸው።

ከመርዝ ጋዝ እስከ ተባበሩት መንግሥታት

ኢትዮጵያ በጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክርክር ውስጥ የገባችው ተመልካች ሆና አይደለም። የጄኔቫው የ1925 ስምምነት የመርዝ ጋዝን ከልክሎ ነበር። ጣሊያንም ፈርማለች። ይሁንና ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰሜን ግንባር በሠራዊቱም በገበሬውም ላይ መርዝ አዘነቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ ተናገሩ። ሰውና ከብት፣ ወንዝና የግጦሽ ሣር ሳይቀር መመረዙን ዘረዘሩ። ማኅበሩ ሰማ፤ አልደረሰም።

ከ25 ዓመት በኋላ ይኸው ትዝታ የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ሆኖ ተመለሰ። በየካቲት 1960 ፈረንሳይ የመጀመሪያውን የአቶም ቦምብ በሰሃራ፣ ረጋን በተባለ ቦታ ሞከረች። አዲስ ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ተቆጡ። ኅዳር 24 ቀን 1961 ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ጋር ሆና ያቀረበችው ረቂቅ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ቁጥር 1653 ሆኖ ጸደቀ። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ውሳኔው የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር መጣስ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይም ወንጀል መፈጸም ነው ይላል። ሐሳቡ የኢትዮጵያ ብቻ ነበር ወይ የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ አቅራቢዎቹ ብዙ ናቸውና። ግንባር ቀደም ነበረች ማለት ግን ማጋነን አይደለም። በዚያው ቀን የጸደቀው ውሳኔ 1652 ደግሞ አፍሪካ ውስጥ የኑክሌር ሙከራ እንዳይደረግ ጠየቀ።

የሁለቱ ወገኖች አነጋገር ልዩነት እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሜሪካ፣ ብሪታኒያና ፈረንሳይ ተቃወሙ። ቻርተሩ ራስን የመከላከል መብት ይሰጣል፤ የትኛውን መሣሪያ እንደምንይዝ አይወስንም አሉ። በነሱ አነጋገር ስጋቱ የሚዛን ጉዳይ ነው። አንዱ ሌላውን እስከፈራ ድረስ ሰላም ነው። በኢትዮጵያ አነጋገር ደግሞ ጉዳዩ የወንጀል ነው። መርዝ የተከለከለው ጠላትም ስለያዘው አይደለም፤ ተዋጊውን ከሕፃኑ ስለማይለይ ነው። ቦምቡም እንዲሁ። የውሳኔው መግቢያ የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት የጠቀሰው በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1996 ስለ ኑክሌር መሣሪያ ሕጋዊነት ምክረ ሐሳብ ሲሰጥም ውሳኔ 1653ን አንስቶታል። ይህ የኢትዮጵያ አሻራ ነው፤ በትምህርት ቤት መጻሕፍታችንም ሊገባ ይገባው ነበር።

በ1962 ጄኔቫ ላይ 18 አገሮች የተካተቱበት የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ሥራ ሲጀምር፣ ከስምንቱ ገለልተኛ አባላት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ጥቅምት 4 ቀን 1963 ንጉሠ ነገሥቱ ኒው ዮርክ ላይ ለጠቅላላ ጉባኤው ሲናገሩ፣ በዚያው ክረምት የተፈረመውን በአየር ላይ ሙከራን የሚከለክል ስምምነት ደገፉ። ግን ጎዶሎውንም አሳዩ። ኃያላኑ ከመሬት በታች እየሞከሩ መሣሪያቸውን ሊያሻሽሉ ይችላሉ አሉ። መሣሪያ ማስወገድ ብቻውን ሰላም እንደማያመጣም አልሸሸጉም። ከመሬት በታች ስላለው ሙከራ የተናገሩት ትክክል ሆነ። ከዚያ በኋላ የተደረገው አብዛኛው ሙከራ ከመሬት በታች ነው።

በደርግ ዘመን ስለ ኑክሌር ሲነገር ጥፋቱ በአብዛኛው የኢምፔሪያሊዝም ብቻ ነበር፤ የሶቪየት ሚሳይሎች እምብዛም አይነሱም።

ከአራት ኪሎ ወደ ፉሪ

ከመሬት በታች የሚፈነዳን ቦምብ የሚሰማው የመሬት መንቀጥቀጥ መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ የጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሚባለው፣ በአራት ኪሎ ግቢ ነው። መነሻው ግን ቦምብ አልነበረም። በ1957 የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲጀመር፣ የማግኔት ወገብ (የማግኔት መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር) በአዲስ አበባ አቅራቢያ ስለሚያልፍ ከተማዋ ለመሬት ማግኔት ልኬት ተፈላጊ ሆነች። ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ቄስ አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። አባ ጉዋን ለዚህ አገር የዋሉት ውለታ ከባድ ነው። በ1979 የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪካቸው ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ከመሬት በታች የሚደረጉ ሙከራዎችን ለመለየት ስትል፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ ያላቸው ከ100 በላይ ጣቢያዎችን በዓለም ዙሪያ ተከለች። አራት ኪሎ አንዱ ሆነ። አሠራሩ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። የፎቶ ወረቀት በሚሽከረከር ጥቅል ላይ ይጠመጠማል። ቀጭን የብርሃን ጨረር ንዝረቱን ይጽፍበታል። በየ24 ሰዓቱ ወረቀቱ ይቀየርና በጨለማ ክፍል ይታጠባል። ከዚያ ባለሙያው ጎንበስ ብሎ መስመሩ የት እንደዘለለ፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሆነ ያነባል። ጣቢያው የቀዝቃዛው ጦርነት መሣሪያ ነበር ብለው የሚተቹ ይኖራሉ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አይካድም። ነገር ግን መረጃው ለማንም ተመራማሪ ክፍት ነበር። አህጉራት መንቀሳቀሳቸውን ለማስረዳት ከጠቀሙት ማስረጃዎች ብዙው ከዚሁ መረብ የወጣ ነው።

አራት ኪሎ ግን የከተማ እምብርት ሆነ። አውቶቡስና ግንባታ መሣሪያውን ያናውጡታል። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዘመናዊው ጣቢያ ጸጥ ወዳለው የከተማ ዳር፣ ወደ ፉሪ ዓለት ሄደ።

ኢትዮጵያ የኑክሌር ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚያግደውን ስምምነት በመስከረም 1996 ፈረመች፤ በነሐሴ 2006 አጸደቀች። ሰሜን ኮሪያ የመጀመሪያ ሙከራዋን ያደረገችው ከዚያ ሁለት ወር ቆይታ ነው። አፍሪካን ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ያደረገው የፔሊንዳባ ስምምነትም በ2009 ሥራ ላይ ውሏል። የሙከራ እገዳው ስምምነት የክትትል መረብ ሲጠናቀቅ 337 ተቋማት ይኖሩታል። ፉሪ በዚህ መረብ ረዳት ጣቢያ ነው። ይህም ማለት ዋና ጣቢያዎች አንድ ነገር ሲጠራጠሩ ቪየና ያለው የስምምነቱ የመረጃ ማዕከል የፉሪን መዝገብ ይጠይቃል።

ፍንዳታን ከመሬት መንቀጥቀጥ መለየት እንዲህ ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ ሁለት ግዙፍ ዓለቶች ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ። ፍንዳታ ግን ዓለቱን በአንድ ጊዜ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይገፋል። ስለዚህ ቀድሞ የሚደርሰው የግፊት ሞገድ ይጠነክራል፤ ተከትሎ የሚመጣው የጎን ንዝረት ይደክማል። መስከረም 3 ቀን 2017 ሰሜን ኮሪያ ስድስተኛውንና ትልቁን ሙከራ ስታደርግ፣ ንዝረቱ በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ 6 አካባቢ ተለካ። እንዲህ ያለ ሞገድ በመሬት ውስጥ አቋርጦ ፉሪ ለመድረስ ከ12 እስከ 13 ደቂቃ ይበቃዋል። በዚህ ረገድ "የፈነዳው ነገር የለም" ብሎ መዋሸት ከባድ ሆኗል።

አሁን ደግሞ ከተማው ፉሪንም እየደረሰበት ነው። ከባድ መኪና፣ ፋብሪካ፣ የድንጋይ ካባ ፍንዳታ ሁሉ ይቀዳል። ከሩቅ የሚመጣው ሞገድ ቀስ እያለ የሚወዛወዝ ስለሆነ ከቅርቡ ፈጣን ጫጫታ ይለያል፤ ትንንሾቹ ሞገዶች ግን ይዋጣሉ። ጣቢያው ዙሪያውን ክፍት ቦታ ሊጠበቅለት ይገባል። የቦታ ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ቤት የሚፈልገው ሰውም አልተሳሳተም። አንድ ጊዜ የተበላሸ ጸጥታ ግን አይመለስም። እንዲህ ያለ መዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅም በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ አይተናል። ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ፣ ጥር 4 ቀን 2025 ከ5.5 በላይ ሲደርስ፣ በከተማዋ ዳር ባሉት ኮንዶሚኒየሞች የሚኖር ሰው ሌሊት ወደ ውጭ ወጥቷል። ወሬ ሲበዛ ቁጥር ይዘው የተናገሩት የጂኦፊዚክስ፣ ሕዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ናቸው።

አዲሱ ክርክር

በመስከረም 2025 በህዳሴ ግድብ ምረቃ ላይ መንግሥት የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ዕቅዱን ካስታወቀ ወዲህ፣ ክርክሩ መልኩን ቀይሯል። አንዳንዱ "ቦምብ ሊኖረን ነው" ብሎ ይኮራል፤ ሌላው በዚሁ ምክንያት ይሰጋል። ሁለቱም ነገሩን አደባልቀውታል። ለማመንጫ የሚውለው ዩራኒየም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ የበለጸገ (በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዓይነት ድርሻ ይህን ያህል የሆነ) ነው፤ ለቦምብ 90 በመቶ ገደማ ይፈለጋል። ኢትዮጵያ ከ1957 ጀምሮ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ አባል ናት። ከ1970 ጀምሮ ደግሞ የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት አባል ናት። ይህ ስምምነት መሣሪያውን ይከለክላል፤ ለሰላም የሚውለውን ኃይል ይፈቅዳል።

ለማመንጫው የሚነሳው ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የት ይተከላል? ስምጥ ሸለቆው አገሪቱን ለሁለት ይከፍላታል። በየትኛው ስንጥቅ ላይ፣ በየስንት ዓመቱ፣ ምን ያህል መንቀጥቀጥ እንደሚደርስ ሳይታወቅ ቦታ መምረጥ አይቻልም። ለዚህ መልስ የሚሆነው አባ ጉዋን የጀመሩት፣ ተማሪዎቻቸውም የቀጠሉት መዝገብ ነው።