ስለ ወረርሽኝ ዜና መሰልቸት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ ስለ በሽታው የሚወራ ማንኛውም ነገር በጥሞና ይደመጥ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን የጤና ሚኒስቴር የዕለት ሪፖርት ብዙ ሰው አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ነገር ሆነ። ይህ መሰልቸት በብዙ አገሮች የታየ ሲሆን፣ ስለ እሱ የሚሰጡት አስተያየቶች በአብዛኛው ሕዝቡንም ጋዜጠኛውንም የሚበድሉ ይመስሉኛል።

«ዜናውን መከታተል ያቆመ ሰው ስለ በሽታው ደንታ የለውም»

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሮይተርስ የጋዜጠኝነት ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ አዘውትረው ወይም አልፎ አልፎ ሆን ብለው ዜና እንደሚሸሹ የተናገሩት 38 በመቶ ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በፊት 29 በመቶ ነበሩ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ 43 በመቶዎቹ የፖለቲካና የኮቪድ ዜና መብዛቱን፣ 36 በመቶዎቹ ደግሞ ዜናው መንፈሳቸውን እንደሚያውከው ገልጸዋል። ደንታ የሌለውን ሰው ዜና መንፈሱን አያውከውም። ቤቱ ውስጥ አረጋዊት እናቱን የሚጠብቅ ሰው የሟቾችን ቁጥር ማታ ማታ መስማት ቢያቆምም፣ ጭምብሉን ሳያደርግ ከቤት ላይወጣ ይችላል።

«መልእክቱ በተደጋገመ ቁጥር ጥንቃቄው ይጨምራል»

ከሁሉም በላይ ጉዳት ያደረሰው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። በ2012 ዓ.ም. ስልክ ስንደውል የሚሰማን ስለ ኮሮና የሚያስጠነቅቅ መልእክት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙዎችን እንዳነቃ አልጠራጠርም፤ ወራት ሲያልፉ ግን ጆሮ ለመደው፣ ደዋዩም መልእክቱ እስኪያልቅለት ብቻ የሚጠብቅ ሆነ። የዕለት ሪፖርቱም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሰንጠረዡ የተመረመሩትን፣ ቫይረሱ የተገኘባቸውን፣ ያገገሙትንና ሕይወታቸው ያለፈውን ሰዎች ቁጥር ይዘረዝራል፤ ዜና አንባቢው በተለመደው ቅደም ተከተል ያነበዋል፤ ትርጉሙን የሚያስረዳ ግን እምብዛም አልነበረም። ለምሳሌ 500 ሰው ቫይረሱ ተገኘበት ሲባል፣ የተመረመሩት 5 ሺህ ከሆኑ 10 በመቶ፣ 20 ሺህ ከሆኑ ግን 2.5 በመቶ ነው፤ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሁኔታዎች ናቸው። አድማጩ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል ከመስማት በቀር፣ በሰፈሩ አደጋው ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ዛሬ ከትናንት የተለየ ምን ማድረግ አለበት ለሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። መልስ የማያገኝበትን ነገር በየቀኑ እንዲሰማ የተገደደ ሰው ቢሰለች ሊወቀስ አይገባም።

«ሕዝብ መሰልቸቱ ስለማይቀር እርምጃን ማዘግየት ይሻላል»

ይህ በእንግሊዝ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሰፊው ያከራከረ ሐሳብ ነው። እገዳዎች ቶሎ ከተጣሉ ሰው ቀድሞ ይሰለቻል የሚለውን ክርክር በመቃወም፣ ከ600 በላይ የባህርይ ሳይንስ ምሁራን መንግሥት ማስረጃውን እንዲያሳይ በግልጽ ደብዳቤ ጠየቁ። መሰልቸት እውነት አይደለም ማለት ግን አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ከወራት በኋላ ለአገሮች መመሪያ ያዘጋጀው ችግሩን በማመን ነው። የቢሮው አቋም ሰው የሚዝለው ቀስ በቀስ መሆኑን፣ በሚሰጠው ድጋፍና በሚደርሰው መልእክት ሁኔታ ሊበረታ ወይም ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳይ ነው። ስለዚህ መሰልቸቱ ለመዘግየት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

«ዜናው የቀነሰው በሽታው ስለቀነሰ ነው»

አገራችን የዚህ ተቃራኒ ምስክር ናት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የአንድ ሰው መያዝ የአገር ዜና ነበር፤ ልክ ከዓመት በኋላ በአንድ ቀን ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ቫይረሱ ሲገኝባቸው ያን ያህል ትኩረት አላገኘም። በመካከሉ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተቀስቅሷል፤ ምርጫውም ተቃርቦ ነበር። የዜና ክፍሎች አቅም ውስን ነው፤ ለሁለት ከባድ ጉዳዮች የሚበቃ ዘጋቢ የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው። ሥጋቱ ሳይረግብ ዜናው ሊሳሳ ይችላል።

መሰልቸቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ልጅ ነው የሚሉም አሉ። ሆኖም በእኛ ዘንድ የኅዳር በሽታ በተባለው የ1911 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛ ዘመን፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ጭምብል የማድረግ ግዴታ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታወጅ፣ ነዋሪዎች ፀረ ጭምብል ማኅበር አቋቁመው በአደባባይ ተቃውመዋል። ያኔ ሬዲዮ እንኳ ወደ ቤት አልገባም ነበር።

በመጨረሻም «አንባቢው ከሰለቸ መፍትሔው ዝም ማለት ነው» የሚሉ አዘጋጆች አሉ። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የዓለም አቀፉ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሲያስታውቁ፣ ይህ ማለት ኮቪድ የጤና ሥጋት መሆኑ አበቃ ማለት እንዳልሆነ በዚያው መግለጫ ተናግረዋል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የትም ተሰማ፤ ክትባቷን ያላሟላች ነፍሰ ጡርና የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት መስማት የነበረባቸው ግን ሁለተኛውን ነበር።